የሰርክአዲስ መስኮቶች

ጭሮ ውስጥ የጠዋት ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሁሉ በጋሽ ኃይለየሱስ እጅ አልፏል ቢባል ብዙ ማጋነን የለውም። አርባ ዓመት መስታወት ሲቆርጡ ኖረዋል። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤቱ የእንጨት መስኮቶቹን በአሉሚኒየም ቀይሮ አሮጌዎቹን ውሰዱ ሲላቸው አላቅማሙም። ስምንቱን በጆንያ እየጠቀለሉ፣ ባለባጃጁን ጉድጓድ በመጣ ቁጥር «ቀስ፣ ልጄ» እያሉ፣ አራት ጊዜ ተመላለሱ።

መስታወቶቹን ድሮ የገጠሟቸው ራሳቸው ናቸው። ፊደል የጻፈችባቸው ደግሞ ሟች ባለቤታቸው ሰርክአዲስ። ያኔ አንደኛ ክፍል ታስተምር ነበር። ሰሌዳው ተሰንጥቆ የሚጠግንላት ስታጣ፣ በሰማያዊ የዘይት ቀለም ከሀ እስከ ፐ መስኮቱ ላይ ጻፈችው። ወጣቱ ኃይለየሱስ የተሰበረ ሊተካ መጥቶ፣ «መምህርት፣ መስታወት እኮ ለብርሃን ነው» ቢላት፣ «ልጆቹ እንደሆኑ ውጭ ውጭውን ነው የሚያዩት። ካዩስ አይቀር ፊደል ይዩ» አለችው። ከዚያ በኋላ መስኮት ባይሰበርም ይመጣ ጀመር።

ሰርክአዲስ መሰላ ካለው ከእናቷ ጓሮ ያመጣችው የቃሪያ ዘር ነበራት። እሷ ካረፈች ወዲህ አምና የፈላውን ውርጭ በላው። ዘንድሮ የቀረችው ዘር እፍኝ የማትሞላ ናት፤ ይህችም ካልበቀለች ዘሩ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ ጋሽ ኃይለየሱስ በኅዳር ችግኙን ከውርጭ የሚከልል፣ ጉልበት የሚደርስ የጭቃ ጡብ ሳጥን ሠሩ። ከኋላ ከፍ፣ ከፊት ዝቅ አድርገው መስኮቶቹን ከደኑበት። ዘሩ በቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቡቃያው እየቀጠነ፣ እየገረጣ መጣ።

ሀዲያ የምትባለው ጎረቤታቸው ገበያ ላይ ችግኝ ትሸጣለች። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የምትለው። ጎንበስ ብላ አየችው።

«ጋሼ፣ ፊደልህ ጥላ ሆነበት።»

«ሰርክአዲስ የጻፈችው ነው።»

«አውቃለሁ። ተማሪዋ ሳለሁ ሳረፍድ እዚሁ መስኮት ስር ነበር የምታቆመኝ። ግን ችግኝ ፊደል አይቆጥርም፣ ፀሐይ ነው የሚፈልገው። ወላሂ፣ እሷ ብትኖር አሁን አንተን ነበር የምታቆምህ።»

ሦስት ቀን አሰቡበት። በአራተኛው ምላጭ ይዘው ከፐ ወደ ኋላ መፋቅ ጀመሩ። ሰ ላይ ሲደርሱ ትንሽ አረፉ። ሀን የፋቁት ሊመሽ ሲል ነው።

ቡቃያው በሳምንቱ ቀና፤ ቅጠሉም ወደ አረንጓዴ ዞረ። አንድ ማለዳ ውጭ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ፣ ጋሽ ኃይለየሱስ ሳጥኑ ጋ ሄደው ቆመው ቀሩ። የችግኙ ወበቅ መስታወቱን ከውስጥ አጉሞታል። ቀለሙ በነበረበት ቦታ ግን ጉሙ አልያዘም። ከሀ እስከ ፐ፣ አንድም ሳይጎድል፣ በሰርክአዲስ እጅ ጽሕፈት።

«ሀዲያ!» ብለው ተጣሩ።

ፀሐይዋ ግን ወጣች። ችግኙ ደግሞ ካልተነፈሰ ይታፈናል፤ ክዳኑን ከፍ አድርገው በዱላ ደገፉት። ሀዲያ ሻርፗን እየጠመጠመች ስትደርስ መስታወቱ ጥርት ብሏል።

«ምንድነው ጋሼ?»

«ዛሬም አረፈድሽ» አሏት፤ «ነገ ማልደሽ ነይ።»