ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ወንበሮች

ውሃ ልክ የሰፈር ሰው ለአናጺው ያወጣለት ስም ነው። ዘንበል ያለ ነገር ካየ፣ ሰው ቤት ተጋብዞም ቢሆን ሳያቃና አይቀመጥም። ያን ሰሞን ግን ደስታ እሱን ራሱን ቀጥ ብሎ መቆም ከለከለው። አባቱ የሠሩትን የካቶሊክ ቤተክርስቲያኑን መናዘዣ ሣጥን አፍርሶ በአዲስ እንዲሠራ ታዟላ!

ያዘዙት የሥነ ምግባር ነገረ መለኮት ተምረው የተመለሱት ወጣቱ አባ ናቸው።

"ቄሱንና ተናዛዡን የሚለየው እርግብግቡ መስኮት ይቅርና ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ይሁንልኝ። መንበርከክ ለሚፈልግም ቦታ ይተዉለት" አሉት። "ድሮ ኃጢአትን እንደ ዕቃ በዓይነትና በቁጥር ነበር የምንረከበው። ዛሬ ቤተክርስቲያን መጀመሪያ ሰውየውን ስሙት እያለችን ነው።"

ያቺን ቁጥር ውሃ ልክ አሳምሮ ያውቃታል። ሚስቱ በታመመችበት ዘመን ለመድኃኒት ብሎ እሑድ እሑድ ሲሠራ ከርሞ፣ በዚያው መስኮት ለሽማግሌው ቄስ ተናዝዞ ነበር።

"ስንት እሑድ?" አሉት። ነገራቸው።

"ከእንግዲህስ ትተዋለህ?"

"እስክትድን አልችልም፣ አባ።"

"እንግዲያው ሥርየት የለህም።"

ሚስቱ ዳነች፣ ሽማግሌው ቄስም አረፉ። እሱ ግን በተባለው ቃል አፍሮ ዳግመኛ አልተናዘዘም፤ እሷ ለመቁረብ ስትነሳም ከኋላ ወንበር ንቅንቅ ብሎ አያውቅም። ከጎኗ ተሰልፎ መቁረብ፣ በዚህ ዓለም የቀረው ምኞት ይኸው ብቻ ነበር።

ወንበሮቹን ሲሠራ ማየት ነበር! ያፏጫል፣ ይልጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ደግሞ እንደ ገና ያሻል። ሚስቱ "ኧረ ይሄ ሰውዬ ዛሬስ ጤናም የለው" እያለች ትስቅበታለች።

አባቱ ያወረሱት አንድ ሕግ አለ፤ ሠሪው ራሱ ሳይቀመጥበት ወንበር አያስረክብም። ስለዚህ ተክሎ ሲጨርስ ተቀመጠ። አባም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

"ይመቻል?"

"ይመቻል።"

መነሳት ነበረበት፣ አልተነሳም። የእሑዱን ጉድ አንድ ሳያስቀር ዘረገፈው።

አባ ቁጥር አልጠየቁም። "ለምን ነበር የሚሠሩት?" አሉት።

"እንዳትሞትብኝ።"

"ለታመመ መድረስ ያኔም ኃጢአት አልነበረም። ለምን ብሎ የጠየቀዎት ሰው ነው የጠፋው።"

ጮቤ ሊረግጥ ምንም አልቀረው። አባ ግን አልጨረሱም።

"ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ይሄን ሁሉ ዓመት እቤትስ እንዴት ከረሙ?"

ክው አለ። በተናደደ ቁጥር "ከቁርባን የተለየሁት በአንቺ ምክንያት ነው" እያለ ያንን ሕመሟን ሲያነሳባት ኖሯል። ይህንን አንድ ቀን እንኳ ከኃጢአቱ ቆጥሮት አያውቅም። የሰውን ጠማማ ሲያቃና የኖረው ሰውዬ በገዛ ወንበሩ ላይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሥርየቱንም ተቀበለ።

"ንስሐዎ አጭር ናት" አሉት አባ። "ይሂዱና ይንገሯት።"

መጋዙንም መላጊያውንም እዚያው ጥሎ ወደ ቤቱ ከነፈ። ሚስቱ አንሶላ ስታሰጣ ደረሰባት።

"በአንቺ ምክንያት አልነበረም" አላት እያለከለከ። "ስልሽ የኖርኩት ሁሉ ሐሰት ነው። ይቅር በይኝ።"

እርጥቡን አንሶላ እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ሳቋ ግን ቀደመ።

"አንተ ሰው! ይቺን ለማለት ወንበር መሥራት ነበረብህ?"

"ሁለት ነው የሠራሁት፤ አንዱ ላይ ተናዝዤ ሥርየት አገኘሁ" አላት።

"በል የእሑድ ሸሚዝህን አምጣ ልጠበው" አለች እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። "እንዲህ አቧራ ለብሰህ ከጎኔ አትሰለፍም።"