የሰፈራችን ቀይ ሲሊንደር

ክልሉ ስለ እሳት አደጋ ቁጥጥር አዲስ ደንብ አወጣ ተባለና፣ እዚህ ደብረ ብርሃን የሰፈራችን ነጋዴዎች በየቤታቸው የእሳት ማጥፊያ ካላስቀመጡ ፈቃዳቸው እንደማይታደስ ተነገራቸው። ሰፈርተኛው ነገሩን እንደ እድር ድንኳን ነው የተረዳው፤ አንድ ገዝተው በጋራ ያዙ። እሳቱም ቢነሳ ልክ እንደ ተቆጣጣሪው ከዳር ጀምሮ በተራ በተራ እንደሚመጣ ማንም አልተጠራጠረም።

የቁጥጥሩ ቀን ተቆጣጣሪው በፊት ለፊት ሲወጣ፣ ቀዩ ሲሊንደር በጓሮ በኩል ወደሚቀጥለው ቤት ይቀድመዋል። ተሸካሚዋ እኔ ነበርኩ። ፈቃዷ ካልታደሰ የእናቴ ቁርስ ቤት መዘጋቱ ነው፤ ስለዚህ ከልብስ ሰፊው ቤት እየሮጥኩ አምጥቼ ከፉል ድስቱ አጠገብ አቆምኩት።

ተቆጣጣሪው ገብቶ ሲሊንደሩን አየና ፊቱን ቀጨም አደረገ። የልብስ ሰፊው መለኪያ ሜትር እጀታው ላይ ተጠምጥሞ መጥቷል ለካ።

"እትዬ፣ ፉሉን በሜትር ነው እንዴ የሚሸጡት?"

"ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ብዬ ነው ጌታዬ" አለች እናቴ፣ ፊቷ አመድ መስሎ።

እሱ ከቦርሳው ደንቡን አውጥቶ ገልጦ አነበበ።

"መኖሩን አረጋግጥ ነው የሚለው፤ የማን እንደሆነ ጠይቅ አይልም" አለና ፈረመላት።

እናቴ እፎይ ብላ ስትቀመጥ፣ እኔ ሲሊንደሩን አቅፌ በቀስታ ወደ ጓሮ በር አፈገፈግኩ።

"ተዪው ልጄ፣ ይከብድሻል" አለኝ ተቆጣጣሪው። "ቀጥሎ ፀጉር ቤቱ አይደል? መንገዴ ስለሆነ እኔው ይዤው እሄዳለሁ።"

ሲሊንደሩ የዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በፊት ለፊት በር ወጣ።