ዳማከሴ ሊቀጥፉ የወጡ የመሰሉን አዳዳ ጫልቱ

እስካሁን አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት በደጄ ያለፉት አዳዳ ጫልቱ ከሰዓት አረፉ አሉኝ። እንዴት ብዬ ልመን?

ለማታውቋቸው፦ አዳዳ በኛ አክስት ማለት ነው፤ በነቀምቴ በከኒሳ ቀሴ ሰፈራችን ሁሉም እንዲህ ነበር የሚጠራቸው። ምች የመታው ሰው ሲኖር በማለዳ ወንዙ ዳር ወርደው ዳማከሴ ይቀጥፉ ነበር።

እኔንም አድነውኛል። ባለፈው ክረምት ከንፈሬ ቆስሎ ራሴን ሲፈልጠኝ፣ ቅጠሉን በመዳፋቸው አሽተው ጭማቂውን ቡና ላይ ጠብ አደረጉልኝ። ፊቴን ሳጨማድድ "ዋጪው ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ! ፊትሽን በኋላ ታስተካክዪዋለሽ" አሉኝ። እንዲህ ነበሩ።

ሊቀጥፉ ሲሄዱ ግን ከማንም ጋር አያወሩም፤ ሰላምታም አይመልሱም። ከተናገሩ መድኃኒቱ አይሠራም ይባላል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲነቅፏቸው "ሌላ ነገር የለውም፤ ሳወራ ቅጠል እሳሳታለሁ" ይሉ ነበር። እኛም ሲያልፉ ዝም ብለን መንገድ እንለቃለን።

ዛሬም ለቀቅን። ባለሱቁ ሽኩር፣ ሊጭናቸው የቆመውን ባጃጅ እንዳያናግራቸው ብሎ በእጁ አባረረው። እኔ ደጄ ላይ ነበርኩ። ፊት ለፊቴ ቆም ብለው አፍጥጠው አዩኝ። አንድ እጃቸው ትንሽ ከፍ አለ። "አውቄያለሁ፣ አላናግርዎትም" ለማለት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ፈገግ አልኩላቸው። ሄዱ።

ከዳማከሴው ሥር ተቀምጠው ተገኙ። አፋቸው ወደ ጎን ተጣሟል። ቁጥቋጦው እንዳበበ ነው፣ አንድ ቅጠል አልተነካም። ሐኪሙ ስትሮክ ነው፣ ከቤት ሲወጡ ጀምሮ አንደበታቸው ሳይያዝ አይቀርም አለን።

ልጃቸውን ጠየቅናት። ዛሬ ምች የመታው ሰው አልነበረም። መድኃኒት የጠየቃቸውም የለም። የሚረዳቸው ሰው ፍለጋ ነበር የወጡት፤ እግራቸው ግን የለመደውን መንገድ ይዞ ሄደ።

ሽኩር ሱቁን ዘግቶ "እኔ እኮ ሊቀጥፉ መስሎኝ" እያለ ያለቅሳል። እኔ ማልቀስም አልቻልኩም። ዓይኔን በከደንኩ ቁጥር ያ አስተያየታቸው ይመጣብኛል።

አዳዳ፣ ያን ሁሉ ሰው እያለዎት ብቻዎን ሄዱ። ጨካኞች ነን ብለው እንዳይቀየሙን። ነጋቲ፣ በሰላም ይረፉ። መንገድ የለቀቅንልዎ አክብረንዎ ነው።