ጌሾው ላይ የዋለችው ጉጉት

ልጅ እያለሁ፣ ቡሬ በጣሊያን እጅ ሳለች፣ ጓሯችን ካለው ጌሾ ላይ ጉጉት በጠራራ ፀሐይ ተቀምጣ አየሁ። ትንንሽ ወፎች ከበው ይንጫጩባታል። እሷ ዓይኗን ከደን ገለጥ ታደርጋለች እንጂ አትንቀሳቀስም። የያዝሁት ጎመን ከእጄ ወደቀ።

በእኛ አገር ጉጉት ጣራ ላይ ስትጮህ የእሳት ትንታግ ይወረወርባታል። በቀን ከታየች ግን ከዚያ ቤት ሰው ሞቷል ይባላል። ከእኛ ቤት የጎደለው አባቴ ብቻ ነበር። ለጎረቤት «ለንግድ ወለጋ ተሻግሯል» እንላለን፤ እሱ ግን ጫካ፣ ከአርበኞቹ ጋር ነው።

ሆኖም እኔ አንድ ነገር አውቅ ነበር። ጉጉቷ ከጓሯችን ጥግ ባለው ባዶ የጥጃ ጎጆ፣ ከጣራው ሣር ሥር ቀን ቀን ስትተኛ ሰንብታለች። ጎጆውን ያቃጥሉባታል ብዬ ለማንም አልተናገርሁም። ታዲያ ዛሬ ማን አስወጣት?

እየፈራሁ በሩን ገፋ አደረግሁት። ባሩድና ደም ሸተተኝ። አባቴ በጨርቅ የታሰረ እግሩን ዘርግቶ ግድግዳውን ተደግፏል።

«ለማንም እንዳትናገሪ፤ ለእናትሽም» አለኝ በሹክሹክታ። «እስኪመሽ ብቻ።»

ስወጣ እናቴ ጌሾው ሥር ደርቃ ቆማለች፤ ጉጉቷን አይታታለች። በዚያው ቅጽበት አያ ደምለው ሦስት ወታደሮች አስከትሎ በአጥሩ በር ገባ። ጎረቤታችን ነው፤ ለጣሊያን ካደረ ወዲህ ግን ውሾቻችን እንኳ ይጮኹበታል። ዓይኑ ከጎተራው ወደ ማጀቱ፣ ከማጀቱ ወደ ጎጆው ሄደ።

«እቴ፣ ባልሽ መጥቷል ይሉኛል፤ እውነት ነው?» አላት።

እናቴ ጣቷን ወደ ወፏ ዘረጋች። ከዚያ ነጠላዋን ጥላ ፊቷን በጥፍሯ ቧጠጠችው።

«ማን ቀበረህ፣ የኔ ጌታ? ማን አለቀሰልህ?»

ደሟ በአገጯ ወረደ። እኔ በእሷና በጎጆው መሐል ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብተነፍስ እጇ ይቆማል። ያችው ቃል አባቴን ትገድለዋለች። ምላሴን ነከስሁ። እናቴ እንደገና ቧጠጠች፤ እኔም እንደገና ዝም አልሁ።

አያ ደምለው ወፏን ቀና ብሎ አየና አማተበ። ጠመንጃ ቢያነግብም ያደገው በእኛው ቀዬ ነው። «እግዜር ያጥናሽ» አለ መሬት መሬቱን እያየ። ወታደሮቹን መልሶ ወጣ።

ሲመሽ እናቴን በእጇ ይዤ ወደ ጎጆው ወሰድኋት። አባቴ ቀኑን ሙሉ ለቅሶውን ሲሰማ የጋቢውን ጠርዝ በጥርሱ በጣጥሶታል። በዚያው ጋቢ ጉንጯን ጠረገላት። ዶሮ ሳይጮህ ሄደ።

ዛሬ ጣሊያን የለም። አባቴ ተመልሶ እርሻውን ያርሳል። እኔም ያለ አስተማሪ ግጥም መግጠም ለምጄ፣ ስለ ዝናቡም ስለ ገበያውም እገጥማለሁ፤ ያችን ቀን ግን ሞክሬ አልሆነልኝም። ጉጉት ስትጮህ ጎረቤቱ ሁሉ አሁንም ትንታግ ያነሳል። እናቴ አትወረውርም። ጠባሳዋን በጣቷ ዳበስ ታደርግና ወደ እኔ ታያለች።

ያኔ የምፈራው ወፏን ነበር። አሁን የምፈራው እናቴ አንድ ቀን «እንዴት ቻልሽ?» ብላ እንዳትጠይቀኝ ነው። እስከ ዛሬ አልጠየቀችኝም።