የልብስ ሰፊው ቅዳሜ

ክሩን በምላሱ አርጥቦ፣ በሁለት ጣቶቹ አሹሎ፣ በመርፌዋ ዓይን አሾለከው። ጉልበቱ ላይ የተዘረጋው የአንድ ባንክ ሠራተኛ ጥቁር ሱሪ ነው፤ ጫፉ ታጥፎ በእጅ መሰፋት አለበት። በግራ አውራ ጣቱ እጥፉን እየገፋ፣ በቀኙ መርፌውን እየወጋና እየሳበ፣ ከውጭ አንዲት ነጥብ እንኳ ሳትታይ ዞረው። የጣቱ ጫፍ ከመወጋት ብዛት እንደ ተረከዝ ደድሯል።

«አባ፣ ጨረስክ?» አለችው ልጁ፣ ከቁርጥራጭ ጨርቁ ጆንያ ላይ ሆና።

«ይችን ብቻ፣ ሚጣዬ። ይህን ሰውዬ ልሸኝና እንወጣለን።»

ሰውዬው ተሸኘ። ሌላ ገባ።

በሰፈሩ «ጋሽ ቅዳሜ» ነው የሚባለው። ስሙን ያወጣችለት ከመንገዱ ማዶ ያለችው ባለሱቅ ናት። ጨርቅ ይዞ የመጣን ሁሉ፣ ሰኞ ይምጣ ሐሙስ፣ «ቅዳሜ ይደርሳል» ይለዋል። ልብስ ሰፊ መቼም ቀን ሲጠየቅ «አላውቅም» አይልም፤ ካለ ደንበኛው ጨርቁን ጠቅልሎ ጎረቤት ይገባል። ታዲያ ቅዳሜ ሲደርስ የአንዱ ኮት እጅጌ የለውም፣ የአንዷ ቀሚስ ገና በጠመኔ እንደተሰመረ ነው፣ ቤቱ ግን በሰው ይሞላል።

«ጋሽ ቅዳሜ! የትኛውን ቅዳሜ ነበር ያልከኝ?» ይለዋል አንዱ።

«የሚመጣውን» ይላል እሱ፣ በከንፈሮቹ የያዛቸውን ስፒሎች ሳያወጣ።

«እኔኮ በዚህ ዓለም የምለብሰውን ነው የጠየቅኩህ!»

ይሳቃል። እሱም ስፒሉን እንዳይውጥ እየተጠነቀቀ ይስቃል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ እምቢ ማለት የሚከብደው ሰው ነበር።

ችግሩ ልጁም የምትመጣው ቅዳሜ መሆኑ ነው። ከሚስቱ ጋር ሲለያዩ አልተሰዳደቡም፣ ዕቃ አልተጣሉበትም። እሱ እንደሚለው፣ ስፌቱ ቢተረተር ይሰፋ ነበር፤ ያለቀው ጨርቁ ነበር። እሷ መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ ሌላ ሰው አግብታለች፣ ልጅቷም ከእሷ ጋር ትኖራለች። ለአባትየው የተረፈችው ቅዳሜ ናት፤ ከጠዋት እስከ ጀምበር መጥለቂያ። በዚያች ቀን ሚጣ ጆንያው ላይ ተቀምጣ የወደቀ ስፒል በማግኔት ትለቅማለች፣ አዝራር በቀለም በቀለሙ ትለያለች፣ በመጨረሻም ፀጉሯ በክር ብጥስጣሽ ተሞልቶ እዚያው ታሸልባለች።

አንድ ቀን ሲመልሳት እናትየው እስከ በሩ ወጣች። ልጅቷን ወደ ቤት አስገብታ፣ ከፀጉሯ የነቀለችውን ቀይ ክር በጣቷ እየጠቀለለች አየችው።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀምራለች» አለችው፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አልተቆጣሁህም። ግን ቀኑን ሙሉ ጆንያ ላይ መጎለት ለልጅ ምኑ ነው? የሌላው ሰው ልጆች ይዋኛሉ፣ ይስላሉ፣ ይማራሉ። ወይ እንደ ልጅ የምትውልበት ቦታ ፈልግላት፣ ወይ ቅዳሜ ይቅርባት።»

«ይቅርባት አልሽ?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት። እሷ ናት።»

መንገዱን ሁሉ አንገቱን እንደደፋ ሄደ። ከቅዳሜ በስተቀር ምንም የለውም፤ ቀኗን ካጣ ልጁን እንደማንኛውም መንገደኛ በሩቅ ሊያያት ነው።

ፍለጋውን የጀመረው በመለኪያ ሜትሩ ነው። ደንበኛ እጁን ዘርግቶ ሲቆምለት ማምለጫ የለውም፤ ደረቱን እየለካ ይጠይቀዋል። «ልጆችህን ቅዳሜ የት ነው የምትወስዳቸው? ጥሩ ትምህርት የሚሰጥ ታውቃለህ?» አንዷ የመዋለ ሕፃናት መምህርት ስለ ውኃ ዋና ትምህርት ነገረችው። አንዱ ሹፌር ትንሽ ባቡር ያለበት መናፈሻ አለ አለው። ለደንበኞቹም «አርብ ይደርሳል» ማለት ጀመረ።

«አርብ?» አለች ባለሱቋ፣ ከማዶ ሆና። «ተው እንጂ፣ ስንት ዓመት የለመድነውን ስም ልታስቀይረን ነው?»

ሰዎቹ ሳቁበት፣ አላመኑትም። እሱ ግን እያመሸ ሰፍቶ አርብ አደረሰ። ሰዉ ልብሱን ተቀብሎ ተገረመ።

መጀመሪያ የሄዱት ወደ ውኃ ዋናው ነበር። የዋና ልብስ ያስፈልጋል ሲሉት፣ ልብስ ሰፊ ሆኖ የልጁን ልብስ ከሱቅ መግዛት ነውር መሰለው። ከቤቱ ካለው ጨርቅ ሁሉ የሚያምረውን ሰማያዊ መርጦ፣ ገበር አግብቶ፣ አንገቱን በነጭ ጥልፍ ከፍፎ ሰፋላት። ለቀሚስ ቢሆን ዓይን የሚስብ ነበር። ውኃ ሲነካው ገበሩ እንደ ስልቻ ሞላ፣ ወደ ታች ተጎተተ። ልጅቷ በሁለት እጇ ይዛው ከገንዳው ዳር ቆማ ቀረች፤ ሌሎቹ እንደ ዓሣ ሲመላለሱ እሷ ልብሷን ብቻ ትጠብቃለች።

«አባ» አለችው ሲመለሱ፣ «የተገዛ ቢሆን ኮ…»

«አውቃለሁ፣ የኔ እመቤት። አውቃለሁ።»

በሳምንቱ መናፈሻ ሄዱ። ትንሿ ባቡር ተበላሽታ በሸራ ተሸፍናለች። ዝናብ መጣ፤ ከአንድ የለስላሳ መሸጫ ታዛ ሥር ተጠለሉ። ምን እንደሚያወራት ጨነቀው። የሰው ትከሻ፣ ወገብና ክንድ ያውቃል እንጂ ከሕፃን ጋር ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አያውቅም።

«አባ፣ ልጅ ሆነህ ምን ትጫወት ነበር?»

አሰበ። «አዝራር» አላት። «በጣት እናስፈነጥር ነበር። የሰውን አዝራር ከመታህ የአንተ ነው። አንድ ጊዜ ሁሉንም ተበላሁና ከአባቴ ኮት ላይ ቆርጬ ሄድኩ።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ አባቴ ኮቱን ሊቆልፍ ሲል ሆዱ ብቻ ቀረ።»

ሚጣ እስኪያስላት ሳቀች። ከኪሱ ሁለት አዝራር አውጥቶ በእርጥቡ ሲሚንቶ ላይ እንዴት እንደሚፈነጠር አሳያት፤ ዝናቡ እስኪያባራም ተጫወቱ። ማታ ግን ለራሱ «ዛሬም ቀኗን አበላሸሁባት» አለ። ሌላ ቦታ መፈለጉን ቀጠለ።

በመጨረሻ ያገኘው በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በላይኛው ፎቅ፣ ለልጆች የዜማ ትምህርት። የቀረው አንድ ቦታ ነበር። አስተማሪው በነጠላ ጫማ የሚሄድ፣ ቀጭን፣ ሲናገር የሚያፍር ሰው ነው፤ ፒያኖ የለውም፣ ድምፁን በአፉ ይሰጣቸዋል። ወላጅ ክፍሉ ውስጥ አይገባም፤ ኮሪደሩ ላይ በተቀመጠው አግዳሚ ወንበር ነው የሚጠብቀው።

ልብስ ሰፊው በእጅ የሚሰፋ ሥራ ይዞ እዚያ ይቀመጣል። በመጀመሪያው ቀን የልጁን ድምፅ ከሌሎቹ መለየት አቃተው፤ ስትዘፍን ሰምቷት አያውቅምና። በኋላ ግን ለየው። ቀጭን ነው፣ ከፍ ሲል አይንቀጠቀጥም። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክቶ ይተወዋል።

አጠገቡ የልጅ ልጃቸውን ይዘው የሚቀመጡ አሮጊት ነበሩ። ተመዝጋቢ አይደሉም፤ ቦታ ቢለቀቅ ብለው ነው በየሳምንቱ የሚመጡት። ልጅቷ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ፣ ውስጥ የሚዘፈነውን በከንፈሯ ብቻ ትከተላለች።

«የትኛዋ ናት ያንተዋ?» አሉት።

«ያቺ… አሁን ከፍ ያለችው፣ እማማ።»

«ታድለህ! የኔዋ እቤት ከራዲዮ ጋር እየተሻማች ጎረቤት አስቸገረች። አስተማሪ ቢይዛት ብዬ ነበር። ምን ይደረግ፣ የሚወጣ ልጅ እስኪገኝ ነው።»

የሚጣ ሆድ መታመሙን ተወ። ቅዳሜ ጠዋት ጫማዋን አስራ በር ላይ ቆማ ትጠብቀው ጀመር። በመንገድ ትዘፍናለች፣ «አስተማሪዬ እንዲህ አለ፣ ጓደኛዬ እንዲያ አለች» ትላለች። እሱም ስፌት መኪናውን እየረገጠ የሷን ዜማ ያንጎራጉራል። ባለሱቋ፣ «ኧረ ድምፅህ የዛገ መቀስ ነው!» ስትለው፣ «ልጄ የወሰደችውን ወስዳ የተረፈኝ ነው» አላት።

መንፈቁ ሲያልቅ ልጆቹ ለወላጆቻቸው ዘፈኑ። እናትየው ከባሏ ጋር መጣች። ወንበር ስላነሰ ልብስ ሰፊው የራሱን ለባልየው ለቀቀና ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ጋር ቆመ። ሚጣ ብቻዋን አንድ ስንኝ ስትዘፍን እናትየው አለቀሰች።

አስተማሪው ሦስቱንም ጥግ ይዞ አነጋገራቸው። ዓይኑ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

«ይህች ልጅ እኔ ጋ ብትቀር በደል ነው» አላቸው። «ከከተማው ማዶ ደህና የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። እኔ እነግርላታለሁ። ፒያኖ አላቸው። ከተቀበሏት ግን እዚህ ታች ላለችው የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ንገሯት፤ ስሟን የምትሰርዘው እሷ ናት፣ ቦታውን ለሌላ ልጅ ትሰጣለች።»

«እኛ ቤት አጠገብ ነው!» አለች እናትየው። «መቼ መቼ ነው?»

«ቅዳሜ። ጠዋት ድምፅ፣ ከሰዓት ፒያኖ።»

«ሙሉ ቅዳሜ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሙሉ ቅዳሜ።»

ሁሉም አዩት። ባልየው ደግ ሰው ነው፣ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «እኔ አደርሳታለሁ፣ አንተ አትድከም» አለው።

«እሁድስ?» አለ ቀስ ብሎ።

«እሁድ የባለቤቴ እናት ጋ ነው የምንውለው» አለች እናትየው። «እስቲ እናያለን።»

እናያለን። እሱም ለስንቱ ደንበኛ ብሎት ያውቃል፤ ክብደቱን ያውቀዋል።

ሚጣ ሮጣ መጥታ እጁን ያዘች። «አባ፣ ፒያኖ አላቸው አሉ!»

እምቢ ማለት ይችል ነበር። ቀኑ የሱ ነው። የልጁን ፊት አየና፣ «እሰይ፣ ሚጣዬ» አላት።

«እዚያም አግዳሚ ወንበር አለ አይደል? የት ትቀመጣለህ?»

«ይኖራል መሰለኝ» አለ፤ ቶሎ ብሎም የአንገትጌዋን እጥፋት አስተካከለ። የተዛባ ነገር ግን አልነበረውም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናትየው ስልክ ደወለች። ተቀብለዋታል፣ ጀምራለች። «ቤተ መጻሕፍቱ አንተ ሰፈር ስለሆነ፣ ትታለች ብለህ ንገርልኝ። ቦታውን የሚጠብቅ ልጅ አይጠፋም።»

«እሺ» አለ።

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ጭር አለ። ደንበኞቹ አርብን ለምደው ልብሳቸውን ወስደዋል። ካፖርቱን ለብሶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ሄደ። ኃላፊዋ ታች ጠረጴዛዋ ላይ መጻሕፍት ትደረድራለች። ስመለስ እነግራታለሁ ብሎ ደረጃውን ወጣ፤ ከቦታው ተቀመጠ። ውስጥ መዝፈን ጀምረዋል። ያ ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ብዙ ድምፅ ነበር፣ የሚያውቀው ግን የለም።

«ያንተዋ ዛሬ ቀረች?» አሉት አሮጊቷ።

ነገሩ አፉ ላይ መጣ። የልጅ ልጃቸው ጆሮዋ በሩ ላይ ነው፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አንዲት ቃል ቢወጣው ልጅቷ በሚቀጥለው ሳምንት ውስጥ ናት። የሚጣ ስም ደግሞ ይሰረዛል፤ እሱም ከዚህ ወንበር ላይ ምን ይሠራል?

«ጉንፋን ይዟት ነው» አለ።

«ውይ፣ ምስኪን! ማር በሎሚ አጠጣት። በድምፅ አይቀለድም።»

«እሺ፣ እማማ።»

ትምህርቱ ሳያልቅ ተነሥቶ ወረደ። ከጠረጴዛው ፊት ሲደርስ ቆም አለ፤ ኃላፊዋ ቀና ብላ መነጽሯን ገፋ አደረገች።

«የሚሉኝ ነገር አለ?»

«የለም፣ እንዲያው ነው። ደህና ዋሉ» አለና ካፖርቱን ቆልፎ ወጣ።