ሳልጠየቅ ያጠፋሁት ንቅሳት

ፎቶ ቤቴ ፒያሳ ነበረች፤ ከአንድ ልብስ ሰፊ ጋር ግድግዳ የምትጋራ ጠባብ ክፍል። የቪዛ ፎቶ የፈለገ ሁሉ ወደ እኔ ይላካል። ስለዚህ ትንሽ ጉራ ነበረብኝ፤ ምን ይደረግ! ከጀርባ ነጭ ጨርቅ፣ ፊት ላይ ጥላ እንዳይኖር፣ ሁለቱም ጆሮ እንዲታይ፣ መነጽር ይውለቅ፣ ሳቅ የለም። ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣው ነበር። በዚያ ላይ በኮምፒውተር ፊት ማሳመር አውቃለሁ። ብጉር አጠፋለሁ፣ ማዲያት አጠፋለሁ፣ በተለይ ደግሞ ንቅሳት። ከገጠር መጥተው ከተማ የከረሙ ሴቶች በግንባራቸው መስቀልና በአንገታቸው ንቅሳት ያፍሩ ነበር። «አጥፋልኝ» ይሉኛል፣ አጠፋላቸዋለሁ፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ። እየቆየሁ ሳይጠይቁኝም ማጥፋት ጀመርሁ።

አንድ ቀን አንዲት እናት ከትክል ድንጋይ ገጠር መጡ፤ ከታላቅ ወንድማቸው ጋር፣ በማኪና ተጋፍተው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። ውጭ አገር ከሄደች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ በዐይን ተያይተው አያውቁም። አሁን የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ፣ መውለጃዋ አራት ወር ቀርቶት፣ እናቷ መጥተው እንዲያርሷት ትፈልጋለች። የቪዛውን ማመልከቻ በኢንተርኔት የምትሞላው እሷው ናት። ፓስፖርቱ ወጥቷል፤ የቀረው ፎቶ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ሸጋ አርገህ አንሳኝ» አሉኝ። «እናት እያላት ባዕድ ሊያርሳት?»

ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው እንዲያወርዱ ብነግራቸው ደነገጡ። «ራሴን ገልጨ? በወንድ ፊት?» ነጠላው ነጭ፣ ከጀርባ ያለው ጨርቅም ነጭ፤ ጆሮ ደግሞ መታየት አለበት። ይህን ለማስረዳት ላብ በላብ ሆንሁ። በመጨረሻ ወንድማቸው «በቃ እኔ ዞሬያለሁ፤ እሱን እንደ ሐኪም ቁጠሪው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያ እኔ ትእዛዝ በትእዛዝ ላይ፦ «ቀጥ ይበሉ። ወደዚህ ይዩ። አይሳቁ እናቴ! ከሳቁ ይመልሱዎታል።» ምስኪን፣ ከንፈራቸውን ጥርቅም አደረጉት።

ገበያ ደርሰው እስኪመለሱ ድረስ ፎቶው ላይ ተቀመጥሁ። ግንባራቸው ላይ መስቀል፣ አንገታቸው ላይ እስከ አገጫቸው የተደረደረ ንቅሳት ነበረ። ጠረግሁት። የዐይናቸውን ሥር ሽብሽብም አብሬ ጠረግሁ። ሲመጡ ስክሪኑን አዞርሁላቸው። ጠጋ ብለው በጣታቸው ዳበስ አደረጉት።

«ውይ! ይች እኮ ልጄ ናት። ከየት አገኘሃት?»

ልጃቸው ንቅሳት የላትም። ወንድማቸውም ጎንበስ ብለው አዩና «ቁርጥ እሷን» አሉ። እኔ ደስታዬ! ወላሂ፣ ከዚያ የበለጠ ሙገሳ ሰምቼ አላውቅም። ፎቶውን ለልጅቱ በኢሜይል ላክሁ። ለእሳቸውም አራት ጉርድ ፎቶ አተምሁላቸው፤ አንዱን ሳሙትና በጨርቅ ጠቅልለው ጉያቸው ከተቱት።

ወር ሳይሞላ ስልኬ ጠራ። ልጅቱ ናት። ማመልከቻው ተመልሷል፤ ፎቶው ተነካክቷል፣ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ፊት ጋር አይመሳሰልም፣ አዲስ ይምጣ ብለዋል።

«እኔም ሳየው ገርሞኝ ነበር» አለችኝ። «ሥራው ነው፣ ያውቃል ብዬ ዝም አልሁ። የእናቴን መስቀል የት አደረስኸው? ጡት ስጠባ በጣቴ እሱን ነበር የምነካካው። ሳትደርስልኝ ብወልድ አልምርህም።»

ሴትዮዋ እኮ ነግረውኝ ነበር! «ይች ልጄ ናት» ሲሉኝ፣ ይች እኔ አይደለሁም ማለታቸው ነበር። ያ ሁሉ ቢሮ ስንት ቀን መርምሮ የደረሰበትን እሳቸው ገና እንዳዩት ተናግረውታል። ጆሮዬን ምን ደፍኖት እንደነበር እንጃ። ያልተነካው የመጀመሪያው ፎቶስ የት አለ ብትሉኝ፣ እሱንም አጥፍቼዋለሁ፤ በላዩ ላይ ነው የሠራሁበት።

በማግሥቱ ሱቄን ዘግቼ፣ ካሜራዬንና ነጩን ጨርቅ በቦርሳ ይዤ ትክል ድንጋይ ሄድሁ። ጨርቁን ከቤታቸው ግድግዳ ላይ በሚስማር ወጠርሁት። ወንድማቸው ማንም ሳይጠይቃቸው ዞረው ቆሙ። ያጠፋሁትን ጥፋት ስናገር እኒያ እናት እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ምነው አጠፋህብኝ? አስቀያሚ መስሎህ ነው?»

ቁጣ የለበትም፤ መጠየቃቸው ነው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «እንዲያምርብዎ ብዬ…» አልሁና ዋጥሁት።

«እናቴ ናት እሾህ ይዛ የነቀሰችኝ» አሉ። «እሷም እንዲያምርብኝ ብላ ነው።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። «ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አልሁ። ግንባራቸውን ወደ እኔ ቀረብ አደረጉልኝና «ተወው ልጄ፤ ይኸው ከቦታው አለ አይደል» አሉኝ። አነሳኋቸው። ያው ቀጥ ይበሉ፣ ያው አይሳቁ። በዚያ ፎቶ ላይ እንኳን መስቀሉን፣ ነጠላቸው ላይ ያረፈችውን ትንኝም አልነካሁም።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በየሳምንቱ የሚመጣ የትክል ድንጋይ ሰው ባገኘሁ ቁጥር «ወጣላቸው?» እያልሁ አሰለች ጀመር። ቪዛው ወጣ፣ አልሃምዱሊላህ። ልጅቱ ልትወልድ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ደረሱላት።

ሴት ልጅ ተወለደች። ከወራት በኋላ ልጃቸው በስልኬ ፎቶ ላከችልኝ። እኒያ እናት ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፣ ሁለቱም ጆሯቸው ወጥቷል፣ ከንፈራቸው ጥርቅም ብሏል፤ የታቀፉትን ልጅ ትተው ካሜራው ላይ አፍጥጠዋል። ከሥሩ እንዲህ ተጽፏል፦ «ምነው አትስቂም ብላት፣ ፎቶ አንሺው ከልክሎኛል፣ ከሳቅሁ ይመልሱኛል ትላለች። እስካሁን የተነሳችው ሁሉ እንዲህ ነው። እባክህ አንተው ንገራት።»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። እዚያው ደወልሁ።

«እናቴ፣ አሁን ይሳቁ። ማንም አይመልስዎትም።»

«እርግጥ ነው?»

«ወላሂ እርግጥ ነው። ክልከላው ለዚያች ለአንዷ ፎቶ ብቻ ነበር። ይሳቁ፣ በሞቴ!»

«እንግዲህ አንተ ካልህ» አሉና ስልኩን ለልጃቸው ሰጡ።

ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ሌላ ፎቶ ደረሰኝ። አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ፤ ዐይናቸው ሕፃኗ ላይ ነው፣ ዙሪያው ሁሉ ተሸብሽቧል። ሁለት ጊዜ ሳነሳቸው አይሳቁ እያልሁ አላየሁትም እንጂ፣ ድዳቸውም ተነቅሷል።