መርከቡ ደቅ ላይ ያልቆመ ዕለት

እናቴ ታላቅ እህቷን ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻት በዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እህትየዋ ያን ጊዜ ዐሥራ አምስት ሆኗታል። ከደባርቅ ወረድ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ባለው የትውልድ መንደራቸው፣ ከጣና ደሴት ከደቅ የመጣ አንድ የዜማ ተማሪ ነበር። ተማሪው ዜማውን ጨረሰ። ከመቀሰሱ በፊት ማግባት ነበረበትና አክስቴን አገባ፤ በበቅሎ አፈናጥጦም ወደ አገሩ ይዟት ሄደ። እናቴ እስከ ሜዳው መጨረሻ ድረስ እየሮጠች ተከተለቻቸው። ከዚያ በኋላ አርባ ዓመት አልተያዩም።

ወሬ አልፎ አልፎ ይመጣል። የሚያመጣው ወይ የቆሎ ተማሪ ነው፣ ወይ ነጋዴ። «ደኅና ናት፣ አራት ልጆች ወልዳለች» ይባላል፤ ሲጣራ ግን የሦስት ዓመት ወሬ ሆኖ ይገኛል። አያቴ ሲሞቱ መርዶው ደቅ የደረሰው ተዝካራቸው ከወጣ በኋላ ነበር። እናቴ ስለዚህ ነገር ብዙ አታወራም። ግን ማንም ሰው «ወደ ጎንደር ልሄድ ነው» ካላት፣ «ከጎንደር ጣና ስንት ቀን ያስኬዳል?» ሳትል አትለቀውም።

በደርግ ጊዜ እኔ ዳባት ውስጥ ጤና ረዳት ነበርሁ። እናቴ ደባርቅ ሆና ነጭ ሽንኩርትና ተልባ እየሸጠች ትኖራለች። አንድ ዓመት የዓመት ፈቃዴ ጥር ላይ ዋለልኝ። ይኼኔ አብሮኝ የሚሠራ ባሕር ዳር ያደገ ነርስ፣ በየሳምንቱ ከጎርጎራ ተነሥቶ ጣናን የሚያቋርጥ መርከብ እንዳለ ነገረኝ።

«ጎርጎራ ላይ ትሳፈራላችሁ» አለኝ። «መጀመሪያ ደልጊ ይቆማል፤ ቁንዝላ ያድራል። በማግሥቱ ደቅ፣ ከዚያ ዘጌ፣ ማታ ባሕር ዳር ነው። ግን ደቅ ላይ ይቆማል ብለሽ እርግጠኛ እንዳትሆኚ።»

«ለምን?»

«ነፋስ ከተነሣ መርከቡ አይጠጋም፤ ዳርቻው ድንጋይ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ሄጄ የቆመው አንዴ ብቻ ነው። ካልቆመ ዝም ብሎ ያልፋል።»

ለእናቴ ልንገራት አልንገራት እያልሁ አንድ ሳምንት ተብሰለሰልሁ። በመጨረሻ ቅዳሜ ለገበያ ደባርቅ ስወጣ ነገርኋት። ሽንኩርት እየጎነጎነች ነበር፤ እጇን አላቆመችም።

«ላይቆም ይችላል ነው የምትይኝ?»

«አዎ እማ። ያን ሁሉ መንገድ ሄደን ከሩቅ አይተናት ልናልፍ እንችላለን።»

«ላይቆምም ይችላል፣ ሊቆምም ይችላል» አለች። «እኔ ደባርቅ ከተቀመጥሁ ግን እንደማይቆምልኝ የታወቀ ነው። ወረቀቱን አውጪና ደብዳቤ ጻፊ።»

ጻፍሁ። የምንደርስበትን ሳምንት ገልጬ፣ ለአክስቴ ባል ለደቁ ቄስ ይድረስ ብዬ፣ ባሕር ዳር ባለው በዚያ ነርስ ወንድም በኩል ላክሁ። መልስ ሳንጠብቅ አልቀረንም፤ ግን አልመጣም።

በዚያ ዘመን ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። ቀበሌ ሄድን። ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አንሥቶ፣ «እትዬ፣ መድረሻዎ የት ይባል?» አላት።

«ሁሉንም ጻፈው» አለችው እናቴ። «ጎርጎራንም፣ ደልጊንም፣ ቁንዝላንም፣ ደቅንም፣ ዘጌንም፣ ባሕር ዳርንም።»

«አንድ ሰው ስድስት ቦታ ምን ያደርጋል?»

«የቱ እንደሚሳካልኝ አላውቅማ!»

ሊቀ መንበሩ ሳቀ። ወረቀቱ አልበቃ ብሎት ዘጌንና ባሕር ዳርን ከጀርባው ጻፈና ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት።

በሶ፣ ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ፣ አንድ ጉንጉን ነጭ ሽንኩርትና እናቴ ፈትላ ያሠራችውን የበግ ጠጕር ባና ይዘን በማለዳው አውቶቡስ ከደባርቅ ተነሣን። ጎንደር አደርን። በማግሥቱ በጭነት መኪና ጎርጎራ ገባን።

እናቴ ከመኪናው ወርዳ ሐይቁን አየች። ወደ ዳር ሄደች፤ ግራ ቀኙን ተመለከተች። ውኃው የሚወርድበትን ቦታ እየፈለገች እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ አገር ውኃ ቆሞ አያውቅም፤ ከላይ ይመጣና ገደል ይገባል።

«ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ማን ያዘው?» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እኔ ባሕር ሲባል የማውቀው ከደባርቅ ወዲያ ያለችውን መንደር፣ ድብ ባሕርን ነበር። እሱ ደግሞ ስሙ ነው እንጂ ማድጋ የሚሞላ ውኃ የለውም» ብላ ሳቀች።

መርከቡ ጆንያ፣ ፍየልና ሰው ጭኖ ተነሣ። እኔ አንድ ጥግ ይዤ ተቀመጥሁና ዓይኔን ከሰማዩ ላይ አልነቀልሁም። ደመናው ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ከመርከቡ ሠራተኞች አንዱን ደጋግሜ፣ «ነገ ነፋስ ይኖራል?» እለዋለሁ። በመጨረሻ ሰውዬው ሲያየኝ መንገድ መቀየር ጀመረ።

ደልጊ ስንደርስ እናቴ ከሁሉም ቀድማ ወረደች። ከላይ ሆኜ አያታለሁ፤ ዓሣ ከምትጠብስ ሴት ጋር ወዲያው ወሬ ጀምራለች። ዓሣ በሕይወቷ ቀምሳ አታውቅም። ጎረሰች፤ ፊቷን አጨማደደች፤ ከዚያ ደግሞ ጎረሰች።

«እሾህ ያለው ሥጋ ነው!» ብላ ወደ እኔ ጮኸች። «ነይ ውረጂ እንጂ! እዚያ ተጎልተሽ ስለ ነገው ደቅ ስታስቢ የዛሬው ደልጊ አመለጠሽ!»

አፍሬ ወረድሁ። ዓሣውንም በላሁ። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ያለውን የዚያን ቀን ጉዞ በደንብ የማስታውሰው ስለ ወረድሁ ይመስለኛል፤ ጫፉ ላይ ወፎች የተደረደሩበትን ታንኳ፣ የሐይቁን ሽታ፣ እናቴ ከማታውቃቸው ሴቶች መኻል ተቀምጣ ስለ ስሜን ብርድ ስታጫውት።

ቁንዝላ አደርን። ጧት ስንነሣ ነፋሱ ቀድሞን ተነሥቶ ነበር።

ወደ ደቅ የሚሄዱ ሰባት ስምንት የደሴቱ ሰዎች እዚያ ተሳፈሩ። መርከቡ ይዘል ጀመር። እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የብረቱን መደገፊያ ጨብጣ ቆመች። ደሴቱ መጀመሪያ እንደ ጥቁር መስመር ታየ፤ ቀጥሎ ዛፎቹ፤ ቀጥሎ ዳርቻው ላይ የቆሙ ነጭ የለበሱ ሰዎች። መርከቡ ጥሩምባውን ነፋ። እናቴ ክንዴን ያዘች። ሰዎቹን መቁጠር እስክንችል ድረስ ከተጠጋን በኋላ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ የመርከቡ አፍንጫ ቀስ እያለ ከደሴቱ ዞረ።

ሠራተኛው መጣ። እኔን እንዳያይ አንገቱን ደፍቶ ነው የተናገረው።

«አይቻልም፤ ድንጋዩ ላይ ይጥለናል። የደቅ ተሳፋሪዎች ባሕር ዳር ደርሳችሁ በመልሱ ትወርዳላችሁ።»

የደሴቱ ሰዎች አጉረመረሙ፤ ግን አልተከራከሩም፤ ለምደውታል። እናቴ አፏን በሁለት እጇ ከበበችና፣ እኛ አገር ሰው ከገደል ማዶ ሰው እንደሚጠራው፣ ከሆዷ ጎትታ ተጣራች።

«እታ—ለ—ም!»

ታላቅ እህቷን በልጅነቷ የምትጠራት እንደዚያ ነበር። በሕይወቴ ያን ያህል የጠነከረ ድምፅ ከእናቴ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሞተሩና ማዕበሉ ግን ዋጡት። ዳር ላይ ከቆሙት ማንም አልተንቀሳቀሰም። ደሴቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ወደ ኋላ ቀረ።

እናቴ ጆንያዎቹ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ራሴን ረገምሁ፤ አርባ ዓመት የኖረችበትን ናፍቆት በእኔ ምክር አምጥቼ ውኃ ላይ የበተንሁት መሰለኝ። ብዙ ግን አላለቀሰችም። ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች፤ ስልቻውን ፈታች፤ ሁለቱን ድፎ ዳቦ አወጣች።

«ምን ልታደርጊ ነው እማ?»

«ለእሷ ነው የጋገርሁት። እሷ ጋ ካልደረሰ ለአገሯ ሰው ይድረስ። እነዚህስ ከቤታቸው ደጅ አልተመለሱም?»

ቆርሳ ለደቅ ሰዎች አንድ በአንድ ታድል ጀመር። «ብሉ እንጂ፤ የስሜን ገብስ ነው፤ ቀሊል እንዳይመስላችሁ» ትላለች። የመጨረሻዋ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ድርሻቸውን ተቀብለው አላመጡና እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

«ከስሜን ነሽ?»

«አዎ እማማ። ከደባርቅ።»

«እኛ ደሴት አንዲት የስሜን ሴት አለች። የቄሱ ባለቤት። እንዳንቺው ነው የምትናገረው።»

እናቴ እጇ ላይ የቀረውን ዳቦ ጣለችው። «እህቴ ናት! አሁን ጥያት ያለፍሁት እሷን ነው!»

«ጥለሻት?» አሮጊቷ ሳቁ። «ደቅ ላይ የለችማ! እኔ በዚህ መርከብ ባለፈው ሳምንት ወደ ቁንዝላ ስመጣ እሷ ደግሞ ወደ ባሕር ዳር ልትሄድ የመርከቡን መመለስ ትጠብቅ ነበር። ‹እህቴ ልትመጣ ነው› ብላ ለሰው ሁሉ ስትናገር ነው የከረመችው።»

እናቴ አሮጊቷን ጉልበታቸውን ሳመቻቸው። ከዚያ ቆማ እልል አለች። ለምን እንደሆነ የማያውቀው ሰው ሁሉ፣ ያ ሠራተኛ ጭምር፣ አብሯት እልል አለ። ዘጌ መቆማችንን እንኳ ልብ አላልሁም።

ባሕር ዳር ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። የወደቡ መድረክ በሰው ተሞልቷል። አርባ ዓመት ያላያት ሰው እንዴት ያውቃታል እያልሁ እጨነቃለሁ። እናቴ አልተጨነቀችም። ከሰዉ ኋላ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ወዲያና ወዲህ የምትንጎራደድ ቀጭን ሴት አየች።

«አባቴ!» አለች እናቴ። «ቁርጥ አባቴን! አረማመዷን ተመልከቺ!»

መወጣጫው በወጉ ሳይዘረጋ ዘለለች። አክስቴ የእናቴን ፊት በመዳፎቿ ያዘችና እንደ ዕውር ዳሰሰችው፤ ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ አገጯን። ከዚያ፣ «ጥርስሽ በቀለ?» አለቻት። እናቴ በዘጠኝ ዓመቷ ከላይ ሁለት ጥርስ ወልቆባት ኖሯል። ሁለቱም ከት ብለው ሳቁ፤ ለቅሶው የመጣው ከሳቁ በኋላ ነው።

እኔን ሳመችኝና፣ «ደብዳቤውን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«አዎ አክስቴ። መልስ ስናጣ የደረሰ አልመሰለንም።»

«ቄሱ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ። መልስ ብጽፍ ከእናንተ ኋላ ይደርሳል፤ ለምን እደክማለሁ? ይልቅ አሰብሁ። ይኼን ሐይቅ አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ። መርከቡ በጥር ወር እኛ ጋ ይቆማል ብሎ ደጁ ላይ የሚጠብቅ ሞኝ ነው። ባሕር ዳር ግን የት አባቱ ያልፋል? እዚህማ ማደሪያው ነው! ስለዚህ ባለፈው ሳምንት የቆመ ጊዜ ዘልዬ ገባሁ። የክርስትና ልጄ ቤት አርፌ በየቀኑ እየመጣሁ ይኼን መድረክ ስለካ ከረምሁ።»

እናቴ ባናውን አውጥታ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። አክስቴ በባሕር ዳር ሙቀት ያን ወፍራም ባና ለብሳ ላቧ እየተንቆረቆረ አላወልቅም አለች።

እኔ በልቤ፣ አንድ ሦስት ቀን አብረው ይቆዩና እንለያያለን ብዬ ነበር። አክስቴ ግን ከጉያዋ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የደሴቱ ቀበሌ የሰጣት ይለፍ ነው። ተቀብዬ አነበብሁት። መድረሻ በሚለው ቦታ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፤ ደባርቅ።

«ቄሱ፣ ‹ሂጂ፣ እስከ ፋሲካ ራሴን አስተዳድራለሁ› ብሎኛል» አለች።

በመኪና ተመለስን። ዳባት ኬላው ላይ ወታደሩ የእናቴን ወረቀት ገልብጦ ስድስቱን ቦታዎች ሲያነብ፣ «ይኼን ሁሉ አገር አዳረሱት?» አላት። እናቴም ደረቷን ነፍታ፣ «ከአንዱ በቀር። እሱንም ራሱን ይዤው መጥቻለሁ» ብላ እህቷን አሳየችው። ወታደሩ ነገሩ ባይገባውም አሳለፈን።

በማግሥቱ ከደባርቅ ወደ መንደራቸው በእግር ወረድን። ወሬው ቀድሞን ደርሷል። ሴቶቹ በእልልታ፣ ካህናቱ ጥላ ይዘው እስከ ሜዳው ወጡ። አክስቴን ሙሽራ ሆና ሲሸኟት ከነበሩት በሕይወት የቀሩ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ዓይናቸው ፈዟል። እጇን ይዘው፣ «የተማሪያችን ሚስት፣ እንኳን ለአገርሽ አበቃሽ» አሏት። አክስቴ ጎንበስ ብላ የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ሳመች፤ ቀና ስትል ደግሞ ወደ ገደሉ አፋፍ ሄደች። ጭጋጉ ተገልጦ ታች ያሉት ተራሮች እስከ ቆላው ድረስ ይታዩ ነበር። «አልቀነሰም» አለች። «ስሄድ ሕፃን ስለነበርሁ ነው ትልቅ የመሰለኝ እያልሁ ነበር። ምንም አልቀነሰም!»

ፈቃዴ አልቆ ሰኞ ወደ ዳባት ስመለስ፣ የአውቶቡሱ መስኮት ጋ ተቀምጬ ነበር። ከደባርቅ ትንሽ እንደወጣን ሁለቱ እህትማማቾች በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አየኋቸው። የአባታቸው የገብስ ማሳ ድንበሩ ከወንዙ ወዲህ ነው ወዲያ ነው እያሉ እየተጨቃጨቁ፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ነበር። በመስኮቱ አንገቴን አውጥቼ ጠራኋቸው። መኪናው አልፏቸው ሲሄድ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።